ኦብጀክት ወደ ባይት ሲሰፈር፦ የአንድ ማኅበር መዝገብ

በቡልቡላ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት የተሰጠ ሕዝባዊ ንግግር፤ ሙሉ ጽሑፍ



ወደዚህ ስመጣ መንገድ ላይ ሳስበው የነበረው ስለ ወንዙ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ውኃ ወደ አብጃታ የሚወርደው በቡልቡላ ወንዝ በኩል መሆኑን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ሐይቅ ስፋትም ጥልቀትም አለው። ወንዝ ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ያለው፤ ውኃው ተሰልፎ፣ የፊተኛው ከፊት፣ የኋለኛው ከኋላ ሆኖ ያልፋል። የዛሬው ርእሴም ይህንኑ ይመስላል። በኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ተንሰራፍቶ የተቀመጠ መረጃ ወደ ፋይል ወይም ወደ ሌላ ኮምፒውተር እንዲሻገር ሲፈለግ፣ በአንድ መስመር የሚፈስ የባይት ዥረት መሆን ይኖርበታል። ይህን ሥራ ባለሙያዎች ሲሪያላይዜሽን ይሉታል። ምሳሌዬ አንድ ጉድለት አለበት፤ የቡልቡላ ውኃ አብጃታ ሲደርስ ዝዋይን መልሶ መሥራት አይጠበቅበትም። ባይቶቹ ግን በተቀባዩ ዘንድ የቀድሞውን ቅርጽ መልሰው ማቆም አለባቸው። ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ነገሩን በሐሳብ ብቻ ከማስረዳ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ይሻላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የሚገኝ፣ ስሙን የማልጠራው የቲማቲም አምራቾች ማኅበር እርዳታ ጠየቀኝ። ማኅበሩ የአባላቱን ስም፣ ማሳ፣ የአባልነት ቀንና ያስረከቡትን የሳጥን ብዛት የሚይዝ ፕሮግራም ነበረው። ፕሮግራሙን የጻፈው አንድ ወጣት ተመራቂ ሲሆን፣ መዝገቡን ሁሉ በጃቫ ሲሪያላይዜሽን በአንድ ፋይል ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። እርሱ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ሌላ ባለሙያ ተተካ። ተተኪው ሁለት ነገር አሻሻለ፦ ለእያንዳንዱ አባል የስልክ ቁጥር ጨመረ፤ ግማሽ ሳጥን የሚያስረክቡ ስላሉም የሳጥኑን ብዛት ከሙሉ ቁጥር ወደ ክፍልፋይ ቁጥር ለወጠው። በማግስቱ ፕሮግራሙ የድሮውን ፋይል አልከፍትም አለ። ክፍያ ሊፈጸም ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር፤ የሁለት ምርት ወቅት ሒሳብም በዚያ ፋይል ውስጥ ነበር።

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት፣ ፋይሉ ጠፍቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልጠፋም፣ እዚሁ አለ አልኋቸው። «መምህር፣ ካለ ታዲያ ማን ነው አላነብም ያለው?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊት እንዲህ በትክክል የቀረበ ጥያቄ ከክፍል ተማሪዎቼ አንድም አልገጠመኝም።

መልሱን ለማግኘት ፋይሉን በባይትነቱ ከፈትነው። ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም አይደለም። በራሱ ስምም፣ ገንዘብም፣ ቀንም አይደለም። የፋይሉ የመጀመሪያ አራት ባይቶች 172፣ 237፣ 0 እና 5 ነበሩ። የፊተኞቹ ሁለቱ «እኔ የጃቫ ኦብጀክት ዥረት ነኝ» የሚል ማኅተም ናቸው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ የአጻጻፍ ሥርዓቱ አምስተኛ ቅጽ መሆኑን ይናገራሉ። ቀጥሎ 115 መጣ፤ «አሁን አንድ ኦብጀክት ይጀምራል» ማለት ነው። ከዚያ 114፤ «የክላሱ መግለጫ ይኸውና» ማለት ነው። ክላስ ማለት ኦብጀክቱ የሚሠራበት ንድፍ ነው፤ አንድ አባል ምን ምን መስክ እንዳለው የሚደነግገው እርሱ ነው። መግለጫው የክላሱን ስም፣ የክላሱን መለያ ቁጥር በስምንት ባይት፣ የመስኮቹን ብዛትና የእያንዳንዱን መስክ ዓይነትና ስም ይይዛል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የአባሉ መረጃ የሚሰፍረው፤ ቁጥሮቹ አስቀድመው፣ ጽሑፎቹ ተከትለው።

የአንዱ አባል የሳጥን ብዛት 0፣ 0፣ 1፣ 44 ሆኖ ተጽፎ አገኘነው። ሙሉ ቁጥር በጃቫ አራት ባይት ይይዛል፤ ትልቁ እጅ ይቀድማል። እንግዲህ 1 ጊዜ 256፣ ሲደመር 44፣ 300 ሳጥን ነው። ይህንኑ አራት ባይት ትንሹን እጅ አስቀድሞ የሚያነብ ፕሮግራም ቢያገኘው 738,263,040 ሳጥን ይለናል። ባይቶቹ አንድ ናቸው፤ የተለወጠው የንባቡ ስምምነት ብቻ ነው። በየትኛው ጫፍ መጀመር ይሻላል የሚለው ክርክር በሙያው ውስጥ እጅግ የከረረ ስለነበር፣ ዳኒ ኮኸን የተባለው የኮምፒውተር ሊቅ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ተከራካሪዎቹን በጆናታን ስዊፍት መጽሐፍ ውስጥ እንቁላል ከየት በኩል ይሰበር እያሉ ከተዋጉት ሰዎች ጋር አመሳስሏቸዋል። ስሙም እስከ ዛሬ ከዚያው ተወስዶ ቀርቷል።

ጽሑፉን ስናይ ደግሞ 225 የሚለው ባይት በየሦስት ቤቱ እየተመላለሰ መጣ። ገንዘብ ያዡ እንዲያነቡት ከመካከሉ አንዱን ቦታ መረጥሁ፦ 116፣ 0፣ 12፣ ከዚያም 225፣ 137፣ 161፣ 225፣ 136፣ 141፣ 225፣ 137፣ 161፣ 225፣ 136፣ 139። 116 «ጽሑፍ ይከተላል» ይላል፤ 0 እና 12 ርዝመቱ አሥራ ሁለት ባይት መሆኑን ይነግራሉ። ቀጥሎ ያለው በሦስት በሦስት ሲከፈል አራት ፊደል ይሆናል፤ የመጀመሪያውና ሦስተኛው አንድ ናቸው። ቡ፣ ል፣ ቡ፣ ላ። የዚህ ከተማ ስም በእኛ ፊደል አሥራ ሁለት ባይት ይይዛል፤ በላቲን ፊደል ቢጻፍ ሰባት ባይት ይበቃው ነበር። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ሲያዝኑ ሰምቻለሁ። እኔ አላዝንም፤ አምስት ባይት ከፍሎ በማንኛውም አገር ኮምፒውተር በትክክል መነበብ ርካሽ ነው።

ርካሽ ያልሁበት ምክንያት አለኝ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ ቅጽ ነው። ከዚያ በፊት፣ በአገራችን እንዲያውም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የፊደል ቁጥር ነበራቸው፤ አንዱ ለ«ቡ» የሰጠውን ቁጥር ሌላው ለሌላ ፊደል ይሰጠው ነበር። ለላቲን ፊደል የተመደቡትን ቁጥሮች ተውሰው በላያቸው ላይ የእኛን ፊደል ሥዕል ያለብሱ ነበር። በዕድሜ ከእኔ ጋር የምትመሳሰሉ፣ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ቅርጸ ፊደሉ ወዳልተጫነበት ኮምፒውተር ወስዳችሁ ስትከፍቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ሲወጣባችሁ ታስታውሳላችሁ። ደብዳቤው አልተበላሸም ነበር፤ አንዲት ባይት አልጎደለችም። ያልተላከው ስምምነቱ ነበር። የማኅበሩ ፋይል የደረሰበትም ይኸው ነው።

ወደ ፋይሉ ልመለስ። ጃቫ ፋይሉን ሲከፍት በዥረቱ ውስጥ ያለውን የክላስ መለያ ቁጥር አሁን ካለው ክላስ መለያ ጋር ያስተያያል። ፕሮግራመሩ መለያውን በእጁ ካልጻፈ፣ ጃቫ ራሱ ከክላሱ ስም፣ ከመስኮቹና ከሌሎችም ዝርዝሮቹ ያሰላዋል። ስለዚህ አንድ የስልክ ቁጥር መጨመር ብቻ መለያውን ይለውጠዋል፤ ምንም እንኳ የስልክ ቁጥር መጨመሩ የድሮውን መረጃ የማይጎዳ ቢሆንም። የስሕተቱ መልእክት ሁለቱንም ቁጥሮች፣ የፋይሉንና የአዲሱን ክላስ፣ ጽፎልን ነበር። የፋይሉን ቁጥር ቀድተን በአዲሱ ክላስ ውስጥ በአንድ መስመር ጻፍነው። የመጀመሪያው በር ተከፈተ።

ሁለተኛው ግን አልተከፈተም። ሳጥን የተባለው መስክ በፋይሉ ውስጥ አራት ባይት ሙሉ ቁጥር ነው፤ አዲሱ ክላስ በዚያው ስም ስምንት ባይት ክፍልፋይ ቁጥር ይጠብቃል። እዚህ ላይ የጃቫን እምቢታ አመሰገንሁ። ዝም ብሎ አንብቦልን ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ለሰዎች የሚከፈለው ሒሳብ ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያዳግትም። የድሮውን መስክ በድሮው ስሙና ዓይነቱ መለስነው፤ ለክፍልፋዩ ሌላ ስም ያለው አዲስ መስክ ጨመርን፤ ከዚያም ፕሮግራሙ ሲከፍት ከአሮጌው ወደ አዲሱ እንዲገለብጥ አደረግን። ተተኪው ባለሙያ በከተሞች ዝርዝር ውስጥ «ዝዋይ» የሚለውን «ባቱ» ብሎ ሊያርመውም አስቦ እንደነበር ነገረኝ። እንኳንም ተወው፤ ዝርዝሩ ቋሚ ምርጫዎችን የያዘ ስለነበር ጃቫ እያንዳንዱን በስሙ ነው የሚጽፈው፤ በፋይሉ ውስጥ «ዝዋይ» የሚል ሲያገኝና በፕሮግራሙ ውስጥ ዝዋይ የሚባል ሲያጣ ያቆማል። ናዝሬትን አዳማ ብሎ ለሚያርምም እንደዚያው ነው። ለሰው የሚታየውን ስም መለወጥ ይቻላል፤ በባይቱ ውስጥ የተቀመጠውን ግን መተው ይበጃል።

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ሁሉም ሰው በሚያነበው ቀላል ጽሑፍ፣ ለምሳሌ በጄሰን፣ ለምን አልተቀመጠም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ዛሬ ቢሆን ያንኑ እመክራለሁ፤ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በማኅበሩ ውስጥ ባልና ሚስት ሁለቱም አባላት ሆነው አንድ ማሳ ይጋሩ ነበር። በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ማሳው አንድ ኦብጀክት ነው፤ ሁለቱም ወደ እርሱ ይጠቁማሉ። ጃቫ ማሳውን አንድ ጊዜ ይጽፍና ለሁለተኛው አባል 113 የሚል ባይትና የቀድሞውን ተራ ቁጥር ብቻ ያስቀምጣል፤ «ቀደም ብዬ የጻፍሁት ያው ነው» እንደማለት። በተራ ጄሰን ግን ማሳው በሁለቱም ስም ሥር ይደገማል፤ ሲነበብም ሁለት ማሳ ይሆናል። የግማሽ ሄክታር ማሳ አንድ ሄክታር ሆኖ ይደመራል፤ ማዳበሪያ በስፋት በሚከፋፈልበት ማኅበር ይህ የቀልድ ነገር አይደለም። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ማሳ ቁጥር ሰጥቶ አባላቱን በቁጥሩ ማያያዝ ነው፤ ያንን ግን ራሳችሁ ማሰብ ይኖርባችኋል።

ጄሰንን ከመረጥሁባቸው ምክንያቶች አንዱ ደኅንነት ነው። የጃቫን ዥረት ወይም የፓይተንን ፒክል ማንበብ ማለት ኦብጀክቶችን መሥራት ማለት ነው፤ በመሥራቱ ሒደትም የፕሮግራም ትእዛዝ ሊፈጸም ይችላል። በ2015 እ.ኤ.አ. ይህ ቀዳዳ በጃቫ በሚሠሩ ብዙ ታላላቅ ሥርዓቶች ላይ መኖሩ በይፋ ታይቶ ዓለምን አስደንግጧል። የማታውቁት ሰው የላከላችሁን እንዲህ ያለ ፋይል አትክፈቱ፤ በዚህ ላይ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ፋይሉ ተከፍቶ፣ የሳጥኑ ሒሳብ ከወረቀት ደረሰኞች ጋር ተመሳክሮ፣ ክፍያው በቀኑ ተፈጸመ። የቀረን የቀኑ ጉዳይ ነበር። ጃቫ ቀንን የሚያስቀምጠው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ በሺኛ ሰከንድ ቆጥሮ በስምንት ባይት ነው። የመጀመሪያው ወጣት የኢትዮጵያን ቀን፣ ወርና ዓመት እንዳለ ወስዶ በፈረንጅ ቀን ሣጥን ውስጥ ጨምሮት ነበር። ለአብዛኛው ቀን ይህ ጉዳት የለውም፤ በገባበት ቁጥር ይወጣል። ጥቅምት 30 ግን ሁለተኛው ወር ስለሆነ «ፌብሩዋሪ 30» ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ቀን የለም። የድሮው የጃቫ ቀን አስተናጋጅ ስሕተት ነው ብሎ አይመልስም፤ ዓመቱ ሠግር ካልሆነ ወደ ማርች 2 ያሸጋግረዋል፤ ሲነበብ ኅዳር 2 ይሆናል። ጳጉሜን 5 ቀን 2010 ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለ ጃንዋሪ 5 ቀን 2011 ይሆንና መስከረም 5 ቀን 2011 ተብሎ ይመለሳል። ሲሪያላይዜሽኑ እዚህ ላይ ጥፋት የለበትም፤ የተሰጠውን የተሳሳተ ቁጥር ባይት ሳያጎድል ጠብቆታል። ከባይቶቹ ውስጥ እውነተኛውን ቀን ማውጣት ግን አይቻልም ነበር፤ በእውነት ኅዳር 2 የገባ አባልና ጥቅምት 30 የገባ አባል ስምንቱም ባይታቸው አንድ ነው።

የአባልነት ዘመን የትርፍ ክፍፍልን ስለሚወስን ነገሩ መጣራት ነበረበት። ገንዘብ ያዡ ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጠን ኅዳር 2 ተብለው የተመዘገቡትን ሰባት አባላት አንድ በአንድ ጠራናቸው። አራቱ ጥቅምት 30 እንደገቡ ተናገሩ፤ ሁለቱ ኅዳር 2 መሆኑን አረጋገጡ። የሰባተኛው ወይዘሮ ቀኑን አላስታወሱትም፤ ገበያ የዋለበት ዕለት እንደነበር ብቻ ያውቃሉ። አባባ ቀን መቁጠሪያ አስመጥተው ጥቂት ቆጠሩና ጥቅምት 30 ብለው በእስክሪብቶ ጻፉላቸው።

የዚያ ፋይል ቅጂ፣ የአባላቱ ስም ተሸፍኖ፣ በወረቀት ታትሞ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከሻይ በኋላ ማየት የምትፈልጉ ተማሪዎች መጀመሪያ 172፣ 237፣ 0፣ 5 የሚሉትን ፈልጉ፤ ከዚያ የከተማችሁን ስም።