ድመት ስትታቀፍ ለምን ትቧጭራለች? እንዴትስ ትለምዳለች?

በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ስለ ድመት አያያዝ ነው።

ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ድመት እንደወለደች ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። የእረፍት ደወል ሲደወል ወደዚያ የሚሮጠው ብዙ ነው። አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ይቀማል፣ ትንሽ ቆይቶ "ቧጨረችኝ!" የሚል ጩኸት ይሰማል። ከዚያ "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ" ይባልና በቃ፣ ክፉ ናት ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ችግሩ ያለው አመሏ ላይ ሳይሆን አያያዙ ላይ ነው እላለሁ።

ድመት አይጥ አዳኝ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። ግን እሷም ራሷ ትንሽ እንስሳ ናት፤ ውሻ ወይም ጅብ ካገኛት አይምራትም። ስለዚህ ሁልጊዜ የምታመልጥበትን መንገድ ታያለች። አራቱም እግሮቿ መሬት ከለቀቁ መሮጥ አትችልም፣ የሚቀራት ጥፍሯና ጥርሷ ብቻ ነው። እስቲ አስቡት፣ የሁለት ፎቅ ቁመት ያለው ሰው ከኋላችሁ መጥቶ ሳይጠይቅ ብድግ ቢያደርጋችሁ ዝም ትላላችሁ? እኛ ማቀፍ የምንለው ነገር ለእሷ መታሰር ነው። መታቀፍን የምትለምደው ስትፈልግ እንደምትለቀቅ ስታውቅ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ድመቷን አታባርሯት። አልጋ ሥር ከገባች እጃችሁን ሰዳችሁ አትጎትቷት፣ ራሷ ትውጣ። እናንተ መሬት ወይም ዱካ ላይ ቁጭ በሉ፣ ምክንያቱም የቆመ ሰው በጣም ትልቅ ይሆንባታል። ዓይኗ ላይ አታፍጥጡ፤ በድመቶች ዘንድ ማፍጠጥ የጠብ ምልክት ነው። ዓይናችሁን ቀስ ብላችሁ ጨፈን ገለጥ ብታደርጉ ይሻላል። ከዚያ አንድ ጣት አቅርቡላትና ታሽትተው። ጉንጯን ካሻሸችባችሁ ጥሩ ነው። ጉንጯ ላይ ሽታ የሚያወጣ ዕጢ ስላላት የራሷን ሽታ እየቀባቻችሁ ነው፣ "የኔ ነው" እንደማለት። ያኔ ጉንጯን፣ ከአገጯ ሥር፣ በጆሮዎቿ መሀል አከክ አከክ አድርጉላት። ሆዷንና ጭራዋን ግን ተዉት። ተገልብጣ ሆዷን ስታሳይ ብዙ ሰው "ዳብሱኝ" ያለች ይመስለዋል፤ ብዙ ድመቶች ግን የሚቧጭሩት ሆዳቸው ሲነካ ነው።

ይህን ስትለምድ ወዲያው አታንሷት። አንድ እጃችሁን ከፊት እግሮቿ ኋላ ደረቷ ሥር አድርጉና መልሳችሁ አውጡት፣ በቃ። ጥቂት ቀን እንዲህ ካደረጋችሁ በኋላ ሌላውን እጅ ከመቀመጫዋ ሥር ጨምራችሁ አንሷት፣ ግን ሁለት እስክትቆጥሩ ብቻ። ከዚያ መሬት ላይ አስቀምጧት። አትጣሏት እኮ፣ አስቀምጧት ነው ያልኩት፤ እግሮቿ መሬት ሲነኩ ነው እጅ የሚነሳው። ወዲያው ትንሽ ሥጋ ስጧት። (ጾም ሲሆን ይሄ ያስቸግራል፣ ድመት ግን አትጾምም።) በሌላ ቀን እስከ አራት ቁጠሩ፣ ከዚያ እስከ ስድስት። ሁልጊዜ መፈራገጥ ሳትጀምር ቀድማችሁ አስቀምጧት።

ስትታቀፍ ጎኗ ደረታችሁ ላይ ይጠጋ፣ የኋላ እግሮቿም አይንጠልጠሉ። ታናሽ ወንድሜ የኛን ድመት በብብቷ ብቻ ይዞ እንደ አሻንጉሊት ያንጠለጥላት ነበር። ማጅራቷን ይዞ ማንሳትም አለ፤ "እናቷ እንዲህ አይደል የምትይዛት?" ይላሉ። እናትየው የምትሸከመው ገና ትንሽ፣ ከጥቂት መቶ ግራም የማይበልጥ ልጅ ነው። ያደገች ድመት 3 ወይም 4 ኪሎ ትመዝናለች፣ በቆዳዋ ብቻ ስትንጠለጠል ያማታል።

"ልቀቁኝ" የምትለው ደግሞ ከመቧጨሯ በፊት ነው። ጭራዋን ወዲያ ወዲህ ካወናጨፈች (የውሻ ሲሆን ብዙ ጊዜ ደስታ ነው፣ የድመት ግን አይደለም)፣ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ከለጠፈች፣ ሰውነቷ ድርቅ ካለ አስቀምጧት። "ር ር ር" ማለቷም ሁልጊዜ ደስታ አይደለም። የታመመች ወይም የፈራች ድመትም እንዲሁ ልትል ስለምትችል ጭራዋንና ጆሮዋን እዩ።

የኛ ቤቷ ድመት የመጣችው ካደገች በኋላ ነው፣ ጆንያ ውስጥ ተቋጥራ። ሰው ሲጠጋት ቁም ሳጥን ሥር ትገባ ነበር። ከወር በላይ ፈጀብን። አሁን ቡና ሲቆላ ራሷ መጥታ ጭኔ ላይ ትወጣለች። ቆሜ ሳቅፋት ግን እስከ ሃያ ስቆጥር ብቻ ነው የምትቆየው፣ እኔም አልጨምርባትም። ጭራሽ መታቀፍ የማይወዱም አሉ፤ እነሱን አጠገባቸው መቀመጥ ነው።

ልጆች ሲሆኑ ይቀላል። የድመት ልጅ ሰውን በደንብ የሚለምደው ከተወለደ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የግምጃ ቤቱ ልጆች ዓይናቸው ተከፍቷል፣ መራመድም ጀምረዋል፣ ስለዚህ ጊዜያቸው አሁን ነው። አሁን የሚጎትታቸውና የሚቀማቸው ሰው ከበዛ ሰው ፈርተው ያድጋሉ። መምህር አስፈቅዶ አንድ ሰው ብቻ፣ ቁጭ ብሎ፣ ለጥቂት ደቂቃ ቢይዝ ጥሩ ነው። እናትየውን ግን ማንም ባይነካት ይሻላል፤ የማን እንደሆነች አይታወቅም።

ቧጨራ ወይም ንክሻ ካለ አትደብቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ቢሆንም ድመትም ታስተላልፋለች፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ አይድንም። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ለትልቅ ሰው መናገር፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ለድመትም የዚህ በሽታ ክትባት አለ፣ ግን የማትያዝ ድመት እንዴት ትከተባለች? በጆንያ ከወሰዳችኋት ያስለመዳችሁት ሁሉ ይበላሻል። ክዳን ያለው ቅርጫት ወይም የተበሳሳ ካርቶን ውስጥ የምትተኛበትን ጨርቅ አንጥፋችሁ ከክትባቱ ቀናት በፊት ቤት ውስጥ ክፍት አድርጋችሁ ተዉት፣ እየገባች ትለምደዋለች። በቀኑ ስታስገቧት በኋላ እግሮቿ በኩል ይሁን፤ በጭንቅላቷ በኩል ከሆነ አራቱንም እግሮቿን ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ተክላ አልገባም ትላለች።