በጎ ፈቃድም አደረጃጀት ይሻል

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሰፊው ሕዝብ ተደራጅቶ ሲነሣ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በተግባር አረጋግጧል። መምህራንና ተማሪዎች አስተማሩ፤ የከተማ ነዋሪዎችና የገበሬዎች ማኅበራት የመማሪያ ሥፍራ አዘጋጁ። ትምህርቱም በሂደት በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል ተሰጠ።

ይሁን እንጂ ፊደል መቁጠር የትግሉ ግማሽ ብቻ ነበር። አዲሱ አንባቢ የሚያነበው ካጣ ተመልሶ መሃይም ይሆናል። ንባብ ቤቶች የተከፈቱትም ለዚሁ ነበር። እዚህ ላይ ግልጽ ሂስ ያስፈልጋል። ዘመቻ በሰልፍና በመፈክር ይነሣል፤ ንባብ ቤት ግን በየምሽቱ በር የሚከፍት፣ መጽሐፍ መዝግቦ የሚያውስ፣ የተቀደደውን የሚለጥፍ ሰው ይሻል። ቁልፉ የሁላችንም ነው በተባለበት ሥፍራ በሩ ተዘግቶ ይገኛል።

ዛሬም በየሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ለማቋቋም የሚነሡ ነዋሪዎች አስቀድመው የሚለምኑት መጽሐፍ ነው። መቅደም ያለበት ግን ተረኛው ነው። በሳምንት አንድ ምሽት የሚሰጥ ሠራተኛ ቀኑ በስሙ ይመዝገብ፤ ካልተመቸው ቀድሞ ያስታውቅ፤ የመዋጮው ሒሳብ በአባላት ፊት ይነበብ። ስም እየጠሩ ቀሪውን መቅጣት ግን፣ ያኔ በየቀበሌው ስብሰባ እንደታየው፣ አዳራሽ ይሞላ ይሆናል እንጂ በጎ ፈቃደኛ አያፈራም። የተረኞቹ ዝርዝር በሩ ላይ ይለጠፍ፤ ሊቀመንበሩም ከነዚያው መካከል ይገኝ።