የገና ማዕድ በሙኒክ

ሙኒክ ውስጥ ጀርመኖች የገና ዛፋቸውን ከቤት አውጥተው መንገድ ዳር ማስቀመጥ ሲጀምሩ የእኛ ገና ይገባል። አገር ቤት ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ስለሚከበር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀኑ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። ፋሲካ እሑድን አይለቅም፤ ገና ግን ማክሰኞም ሐሙስም ይውላል፣ እዚህ ደግሞ ተራ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ብዙ ወገኖቻችን ግብዣውን ወደሚመጣው ቅዳሜ ያሻግሩታል። እኔ አላሻግረውም። ጾሙ የሚፈታው በዕለቱ ነው፤ እናቴም እንኳን አደረሰሽ ልትለኝ የምትደውለው በዕለቱ ነው። ዘመድ የሌለው ሰው ክፍሉን ዘግቶ ሲውል የሚከፋውም ቅዳሜ ሳይሆን በዚያው ቀን ነው።

የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ፣ በፈረቃ ነው። ዕረፍቱን የማገኘው በልውውጥ ነው። ዲሴምበር 24 እና 25 ጀርመናውያን ባልደረቦቼ ከልጆቻቸው ጋር እንዲውሉ እኔ እገባላቸዋለሁ፤ እነሱ በፈንታው ጃንዋሪ 7ን ይሸፍኑልኛል። ለሁላችንም የሚመች ውል ነው፤ በፈረቃ የምትሠሩ ሁሉ ሰሌዳው ሳይወጣ በኖቬምበር ተነጋገሩበት። ባቫርያ ደግሞ ሌላ በረከት አላት። ጃንዋሪ 6 የሰብአ ሰገል በዓል ተብሎ በሕግ ሥራ ይዘጋል፤ በባደን ቩርተምበርግና በዛክሰን አንሃልትም እንዲሁ ነው። ለእኛ ያ ቀን ጋድ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ድስት ሥር መቆም ይቻላል። ነገር ግን ሱቁም አብሮ ይዘጋልና ሽንኩርቱም ሎሚውም እንቁላሉም ጃንዋሪ 5 ቤት መግባት አለባቸው።

የወጡ ነገር የሚጀምረው ከቅቤው ነው። ከአገር ቤት ይዞ መምጣት አይቻልም፤ የአውሮፓ ኅብረት መንገደኛ ከውጭ ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣው እንዳያስገባ ይከለክላል። ስለዚህ እዚሁ ማንጠር ነው። ከሱቁ መደርደሪያ ዛወርራም የሚባለውን ቅቤ ምረጡ። ከጎመዘዘ ክሬም የተናጠ ነው፤ የእኛም ቅቤ ከእርጎ ስለሚወጣ ጠረኑ ወደዚያ ያደላል። ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ አብሽና እርድ ከሐበሻ ሱቅ ይገኛሉ። ለአይቡ ቡተርሚልሽ እያሉ የሚሸጡትን አሬራ በለስላሳ እሳት ሳያማስሉ አሙቆ፣ ሲቋጥር በጨርቅ ማጥለል ይበቃል።

ዶሮው ላይ ግን ጊዜ እወስዳለሁ። ሱቅ ውስጥ ከፊት ተደርድሮ የምናየው ዶሮ በጥቂት ሳምንት የደለበ ነው፤ ወጥ ውስጥ ሲገባ ከአጥንቱ ይላቀቅና አሥራ ሁለቱ ብልት የት እንደገባ አይታወቅም። የሚያዋጣው ከበረዶው ማቀዝቀዣ ጥግ የሚገኘው ዙፕንሁን ነው። እንቁላል ስትጥል ኖራ ያረጀች ዶሮ ናት፤ ጀርመኖች ለሾርባ ይገዟታል፤ ዋጋዋም ቀለል ይላል። ሥጋዋ ጠንካራ ስለሆነ እሳት ላይ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትፈልጋለች። ቢጫ ጮማዋን አውጥቶ፣ ቆዳዋን ገፎ፣ በየብልቷ ለያይቶ፣ በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ማጠብ ነው። ጣዕሟ አገር ቤት ከገበያ የምናመጣትን ዶሮ ይመስላል።

ለሁለት ዶሮ አራት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አዘጋጃለሁ። የዚህ አገር ሽንኩርት ትልልቅና ውሃ የበዛበት ነው። በማሽን ሲፈጩት ጭራሽ ውሃ ይሆናል፤ ስለዚህ ጓደኞቼ ቢከራከሩኝም በቢላ መክተፍን አልተውም። ዘይት ሳይገባ በደረቁ ይቁላላል፤ በርበሬው የሚገባው ውሃውን ጨርሶ መልኩ ሲለወጥ ብቻ ነው። ቁሌቱ ብቻውን ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጾም ቀን ስለሆነ እኔ ቀምሼ ጨውና በርበሬውን መለየት አልችልም፤ በማሽተት ብቻ ነው የምሄደው። የምትቀምስልኝ ሙስሊም ጓደኛዬ ናት። ሥጋው ሳይገባ፣ ቁሌቱና ቅቤው ብቻ እያለ ትመጣና በማንኪያ ጫፍ ቀምሳ ትፈርዳለች። «በርበሬው አልበሰለም» ካለችኝ ሌላ ግማሽ ሰዓት አቆየዋለሁ።

የሥጋው ነገር ባዕድ አገር ላይ ይብሳል። አገር ቤት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለየራሱ አርዶ ይበላል፤ እዚህ ግን ብዙዎቻችን ሥጋ የምንገዛው ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ጎተና ላንድቬር መንገዶች ላይ ካሉት የቱርክና የዓረብ ሱቆች ነው። ከዚያ የሚበላ ክርስቲያን አለ፣ የማይበላም አለ። እኔ ማንንም አልመረምርም። ጓደኛዬ ከቱርክ ሉካንዳ የገዛችውን ዶሮ ሠርታ በራሷ ድስት ታመጣለች። ሁለቱ ድስት ለየብቻ ይቀመጣሉ፣ ጭልፋቸውም አይቀላቀልም፤ እንግዳው ሲገባ የቱ የማን እንደሆነ በግልጽ ይነገረዋል። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በዘይት ተሠርተው ለብቻ ይቀርባሉ፤ ሥጋ የማይበሉት ጀርመናውያን የሥራ ባልደረቦቼም የሚበሉት ያንን ነው። ለሁሉም የሚሆን ነገር አስቀድሞ ከተዘጋጀ ማንም እየተሳቀቀ አይቀመጥም።

እንጀራና ዳቦ እኔ አልጋግርም። ምጣድ ያላት ትጋግራለች፤ ሌላዋ ድፎ ዳቦውን በኮባ ፈንታ ከእስያ ሱቅ በሚገኝ የሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ትደፋለች፤ መጠጡን ወንዶቹ አዋጥተው ያመጣሉ። ሁሉን ብቻዬን ካልሠራሁ የምትል አስተናጋጅ በዓሉ ሲደርስ ደክማ ከእንግዶቿ ጋር አትጫወትም፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከነጭራሹ ትተወዋለች። እንዲህ እየሆነ የተዘጋ ቤት ብዙ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ስለ ቡናው አንድ ከባድ ነገር ልናገር። በክረምት መስኮት ዘግታችሁ ቤት ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ይገድላል፤ የጭስ ማንቂያው ደግሞ አያውቀውም። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፤ ለዕጣኑ አንዲት ፍም መስኮት ተከፍቶ ትበቃለች። ጀበናው ሸክላ ስለሆነ በኢንዳክሽን ምድጃ አይሞቅም፤ እንዲያ ያለ ምድጃ ያላችሁ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ግዙ። በባቫርያ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በየመኝታ ክፍሉና በመተላለፊያው የጭስ ማንቂያ መኖር ግዴታ ነው፤ ቡናው ሲቆላ የማዕድ ቤቱን በር ዝጉ።

ጎረቤትም አለ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እስከ ንጋት ጸጥታ የሚከበርበት አገር ነው። ዋዜማውን ደረጃው መግቢያ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ፤ ነገ በዓላችን ነው፣ እንግዳ ይበዛል፣ ቡና መጠጣት የምትፈልጉ ኑ ብዬ። ከሥር ያሉት አሮጊት መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ስለ ድምፅ ያጉረመረመ ሰው የለም። በደርግ ዘመን ተማሪ ሆነው የመጡት ጋሼ ዳቦውን ባርከው ሲቆርሱ፣ ልጆቹ ሳይቀሩ ጸጥ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ጉርሻው ነው፤ አሮጊቷ ቀድመው አፋቸውን ይከፍታሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማስብበት ግን አጠራሩን ነው። ቴሌግራም ላይ «በዓሉ እኛ ቤት ነው፣ ኑ» ብሎ መጻፍ ለጓደኛ ይበቃ ይሆናል። ትናንት የመጣው ተማሪና በጥገኝነት ጠያቂዎች መጠለያ የተቀመጠው ልጅ ግን እንዲያ ተጽፎለት አይመጣም፤ ለሌሎች የተባለ ይመስለዋል፣ ባዶ እጁን መግባትም ያፍራል። ባለፈው ገና ለአንዱ ደወልኩለት።

«እትዬ፣ ምን ይዤ ልምጣ?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምንም አትያዝ። ከዋዜማው ጀምረህ ና፣ ሽንኩርት ትከትፍልኛለህ።»

መጣ። አራቱን ኪሎ እያነባ ከተፈው፤ በመሃል ለእናቱ በቪዲዮ ደውሎ ቢላውን እያሳየ አሳቃቸው። በማግስቱ በሩን እየከፈተ እንግዳ የሚቀበለው እሱ ነበር፤ ኮት ይሰቅላል፣ ለአዛውንቶቹ ወንበር ያቀርባል። ዘንድሮ ለሁለት ጓደኞቹ እሱ ራሱ እንዲደውል ነግሬዋለሁ።

እናንተም በከተማችሁ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ታውቃላችሁ። ጃንዋሪ 5 ሳይደርስ በስሙ ጥሩት፣ ሰዓቱንና የሚወርድበትን የባቡር ጣቢያ ንገሩት። ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ ወንበር ተውሶ ይዞ ይምጣ።