የቱርቦ ቅየራና የሞተር ዘይት

ቱርቦ (ቱርቦቻርጀር) ከሞተር በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ሲሊንደሮች የሚገፋ መሣሪያ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት ያስመዘገበው የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ነው። በዘመናዊ የናፍጣ ጭነት መኪኖች ላይ የተለመደ ነው።

ጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቀድሞ ጭነት ከካርቱም በእንፋሎት መርከብ ይመጣላት ነበር፤ ዛሬ የሚመጣው በአብዛኛው በመኪና ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ጎሬ ሲደርስ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እዚያ አየሩ ከጋምቤላው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ በመሆኑ ቱርቦው ጉድለቱን ለማካካስ ይበልጥ መፍጠን አለበት።

የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። ይህን ፍጥነት የሚሸከመው በዘንጉና በኩሽኔታው መካከል ያለ ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ የሚመጣው ከሞተሩ ሲሆን ሙቀትም ይዞ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የጋምቤላ ሙቀት ቱርቦ ያቃጥላል ይባላል፤ ነገር ግን ብዙ መቶ ዲግሪ ከሚደርሰው ጭስ አንጻር የ40 ዲግሪ አየር ትንሽ ነው። የሚጎዳው ዳገት ወጥቶ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው። ያን ጊዜ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል፤ የጋለው ብረት ውስጥ የቀረው ዘይት እንደ ከሰል ይደርቅና ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ስለዚህ ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ይቆያል።

የተበላሸ ቱርቦ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ብልሽት ውጤት ነው፤ ምክንያቱ ሳይገኝ አዲስ ቢገጠም አዲሱም በአጭር ጊዜ ይሞታል። ይህም ውድ ስሕተት ነው። በቅየራ ጊዜ ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው ይቀየራሉ፤ ዘይት የሚያመጣው ቀጭን ቱቦ ይጸዳል ወይም በአዲስ ይተካል። በዚህ ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ሲሊኮን መቀባት አይገባም፤ ትርፉ ተቆርሶ ቀዳዳውን ይደፍናል። የመመለሻው ቱቦም መፈተሽ አለበት። ዘይቱ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ቱቦው ከታጠፈ ወይም ከተዘጋ ደህና ቱርቦም ሰማያዊ ጭስ ያስወጣል። ከመነሣቱ በፊት ንጹሕ ዘይት በቱርቦው ቀዳዳ ይጨመርና ነዳጁ ተዘግቶ ሞተሩ በሞተሪኖ ለጥቂት ሰከንድ ይዞራል።

የአየር ቱቦዎችና የአየር ማቀዝቀዣው (ኢንተርኩለር) ውስጥ ከአሮጌው ቱርቦ የፈሰሰ ዘይትም መጽዳት አለበት። ይህ ከተዘነጋ የናፍጣ ሞተር ዘይቱን እንደ ነዳጅ እያቃጠለ ከቁጥጥር ውጭ ሊፈጥን ይችላል። ያን ጊዜ ቁልፉን ማጥፋት አያቆመውም፤ የሚያቆመው አየር መከልከል ነው፣ ያውም በእጅ ሳይሆን ወደ ውስጥ በማይሳብ ጠንካራ ነገር።