የክብ ትምህርት እንዴት ይመዘናል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ 580 ኪሎ ሜትር ያህል የበረረ አውሮፕላን በሀርጌሳ፣ በቀድሞው የሶማሊላንድ መሪ በመሐመድ ኢብራሂም ኤጋል ስም በተሰየመው አየር ማረፊያ ያርፋል። ይህ ስፍራ ለሀርጌሳም ሆነ ለአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አንድ መልካም ጥያቄ ይሰጣል፤ ይኸውም፣ ከባሕር ወለል 10 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ በአየር ማረፊያው አናት ላይ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ሰማዩ የጠራ እንደ ሆነ፣ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የበርበራን ባሕር ለማየት ይቻለዋልን? የሚል ነው። ምድርን 6,371 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ያላት ክብ አድርጎ የሣለ፣ ከመንገደኛው ዐይን ተነሥቶ እስከ አድማስ የሚዘረጋው መስመር ክቡን በአንዲት ነጥብ ብቻ እንደሚነካና በዚያችም ነጥብ ላይ ከሬዲየሱ ጋር 90 ዲግሪ እንደሚሠራ ያስተዋለ ተማሪ፣ በፒታጎራስ ሕግ ሄዶ 10ን በ12,752 ያባዛል፤ ካሬ ሥሩንም ሲያወጣ አድማሱ 357 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚርቅ፣ ባሕሩም ከዚህ ውስጥ እንደሚገኝ ይረዳል። ነገር ግን ይህንኑ ሕግ በቃሉ ሳያዛንፍ የሚያነበንብ፣ በደብተሩ ላይ ተስሎ ሲቀርብለትም ፈጥኖ የሚሠራ ተማሪ፣ ክቡ ያልተሣለበት ይህ ጥያቄ ሲመጣበት ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋዋል። ቃሉን ማወቅና ምሥጢሩን ማወቅ የተለያዩ ናቸውና፣ መምህር ሊመዝነው የሚገባው ሁለተኛውን ነው።

የክብ ትምህርት ጥንታዊ ነው። በእስክንድርያ ያስተማረው ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ባዘጋጀው መጽሐፍ ሦስተኛውን ክፍል በሙሉ ለክብ ሰጥቶ 37 አንቀጾች አቅርቦበታል፤ ዛሬም ልጆቻችን የሚማሩት አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። ከሁሉ የሚታወቀው ደግሞ፣ በአንድ ቅስት ላይ የቆመ ማዕከላዊ ዘዌ፣ በዚያው ቅስት ላይ ቆሞ ጫፉን በክቡ ዙሪያ ካሳረፈው ዘዌ እጥፍ ይሆናል የሚለው ነው።

ይህን የተማረ ልጅ በእርግጥ ገብቶት እንደ ሆነ እንዴት እናውቃለን? ማዕከሉ «መ» በሆነ ክብ ዙሪያ ላይ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» የተባሉ ነጥቦች ይኑሩ፤ ከ«ሀ» በ«መ» ወደ «ለ» ያለው ዘዌ 100 ዲግሪ ይሁን፤ «ሐ» በትልቁ ቅስት ላይ ትቀመጥ። በ«ሐ» ላይ ያለው ዘዌ ስንት ነው? መልሱ 50 ነው፤ ለመምህሩ የሚጠቅሙት ግን ስሕተቶቹ ናቸው። 80 ያለው ልጅ፣ አራት ጫፎቹ በክብ ዙሪያ ላይ ያረፉ ጎነ አራት የሚተያዩ ዘዌዎቹ ተደምረው 180 ይሆናሉ የሚለውን ሕግ አስታውሷል፤ ከአራቱ ጫፎች አንዱ ማዕከሉ እንጂ በዙሪያው ላይ ያለ ነጥብ እንዳልሆነ ግን አላየም። 200 ያለው እጥፉን ገልብጦታል፤ 130 ያለው «ሐ»ን በትንሹ ቅስት ላይ አስቀምጧታል፤ 100 ያለው ደግሞ የሁለቱን ዘዌዎች ልዩነት ገና አልለየም። አራቱ ልጆች እኩል ዜሮ ቢያገኙም ድካማቸው አንድ አይደለም፤ የሚያስፈልጋቸውም ትምህርት እንዲሁ። ስለዚህ ምርጫ ያለው ፈተና እንኳ፣ አማራጮቹ እንዲህ በማስተዋል ከተዘጋጁ፣ ብዙ ይናገራል።

50 ያለውንም ቢሆን ወዲያው ማመን አይገባም። «ሐ» በትልቁ ቅስት ላይ እየተንቀሳቀሰች ወደ «ለ» ብትቀርብ ዘዌው ይሰፋልን? ተብሎ ይጠየቅ። ብዙ ተማሪዎች ይሰፋል ወይም ይጠባል ይላሉ፤ በሥዕሉ ላይ የመስመሮቹ ርዝመት ሲለዋወጥ ዐይናቸውን ያታልለዋልና። ዘዌው ግን «ሐ» በዚያው ቅስት ላይ እስካለች ድረስ ከ50 አይነቃነቅም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው «ለምን?» ነው። የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ በዘዌ መለኪያ ብዙ ጊዜ ለክቶ ሕጉን ካስተዋለ ደግ አድርጓል። የሁለተኛ ደረጃው ግን «ሐ»ን ከ«መ» ጋር አገናኝቶ፣ ሬዲየሶች እኩል ስለ ሆኑ ሁለት ጎናቸው እኩል የሆነ ጎነ ሦስቶች እንደሚገኙ አሳይቶ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል፤ ማዕከሉ ከዘዌው ውጭ በሚሆንበትም ጊዜ እንዲሁ።

ይህን ደረጃ በደረጃ የሚሄድ የመረዳት ሥርዓት አስተካክለው የገለጡት የኔዘርላንድ መምህራን ባልና ሚስት፣ ፒየር ቫን ሂሌና ዲና ቫን ሂሌ ጌልዶፍ፣ በ1957 እ.ኤ.አ. በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ነው። ልጅ አስቀድሞ ቅርጹን በመልኩ ያውቃል፣ ቀጥሎ ባሕርያቱን ይለያል፣ ከዚያም ባሕርያቱን እርስ በርስ ያያይዛል፣ ኋላም ማስረጃ ይገነባል፤ መጨረሻው ደረጃ የጂኦሜትሪን ሥርዓቶች እስከ ማነጻጸር ይደርሳል። መምህሩ በአራተኛው ደረጃ ሆኖ ሲናገር በሁለተኛው ያለው ልጅ ቃሉን ይሰማል፣ ነገሩን ግን አይቀበልም፤ በዚህ ጊዜ የሚቀረው መውጫ ሽምደዳ ብቻ ነው።

በአገራችን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነው ሁላችንን አሳዝኗል። ቍጥሩ ግን የመረዳቱ መሰላል የተሰበረው ከየትኛው እርከን ላይ እንደ ሆነ አይነግረንም። በዚህ ረገድ ከገዛ ቅርሳችን የምንማረው አለ፤ በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ሰሙንና ወርቁን እንዲገልጥ ይጠየቃል፣ ያልበሰለ እንደ ሆነም ተመልሶ ይቈጥራል። መዛኙ የተማሪውን አሳብ ሲሄድ ይሰማዋል እንጂ መድረሻውን ብቻ አይቈጥርም።

በአንድ ክፍል 60 ልጆች የያዘ የሒሳብ መምህር ሁሉንም በየተራ መስማት እንደማይቻለው ግልጥ ነው። ቢሆንም በሳምንት አንድ ጥያቄ ብቻ መርጦ፣ ከመልሱ በታች በሁለት መስመር «ለምን?» የሚለውን አስጽፎ፣ ወረቀቶቹን በነጥብ ሳይሆን በስሕተታቸው ዓይነት ቢከምራቸው፣ 80 ያሉት አንድ ክምር፣ 200 ያሉት ሌላ ክምር ሆነው ይቀርቡለታል፤ በማግስቱም ለእያንዳንዱ ክምር የሚገባውን ሥዕል በሰሌዳ ላይ ይሥላል።