የኋላውን ፍሬን በቤት ስለ ማደስ

ከቢቸና ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ባለመኪና፣ ደጀን እስኪደርስ ድረስ መንገዱ በአብዛኛው በደጋው ላይ ስለሚሄድ፣ ፍሬኑ የሚሰጠውን አገልግሎት እምብዛም አያስተውለውም፤ ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ ሸለቆ ገብቶ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ተመረቀው ድልድይ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወርድ ግን፣ የራሱንና የተሳፋሪዎቹን ሕይወት ውፍረቱ የአውራ ጣት ስፋት ለማይሞላ የፍሬን ሸራ አደራ እንደ ሰጠ ይገነዘባል።

ፍሬን ማለት በመሠረቱ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ክብደቱ 1,500 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ፣ ነጂው በከባድ ማርሽ ሞተሩን ካላስያዘው በቀር፣ በፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት አርባ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበትን የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ የሚቆየው ዶት 3 የተባለው ዘይት፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል፤ በፈላም ጊዜ የሚፈጠረው እንፋሎት በእግር ግፊት የሚጨመቅ ስለሆነ፣ ፔዳሉ ወደ ወለሉ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ ሸራ የሚለውጥ ሰው የዘይቱንም ዕድሜ ሳይጠይቅ ሥራውን ፈጸምሁ ሊል አይገባውም።

መኪና ሲገታ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል የፊቱ ሸራ ፈጥኖ ያልቃል፤ የኋላው ቀስ እያለ ስለሚመነምን ይዘነጋል። ሆኖም ዳገት ላይ የቆመን መኪና የሚይዘው የእጅ ፍሬን በአብዛኛው የኋላውን እግር የሚያስር ነው። አዲስ የኋላ ሸራ እንደ መኪናው ዓይነት 10 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መለወጥ ይገባዋል፤ የሚለወጠውም በግራና በቀኝ ባንድነት ነው፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ የሆነ እንደ ሆነ መኪናው ሲገታ ወደ አንድ ወገን ይስባልና።

አስቀድሞ የሚመረመረው የፍሬኑ ዓይነት ነው። ከቪትዝና ከኮሮላ ብዙዎቹ፣ የሃይስ ሚኒባስም፣ ከኋላ ታምቡር ናቸው፤ የታምቡር ሸራ በልዩ ልዩ ሞላዎች የተወጠረ ስለሆነ ለሥራው እንግዳ የሆነ ሰው ብቻውን እንዲፈታው አልመክርም። የኋላው ዲስክ የሆነለት ሰው ግን፣ ትዕግሥትና ተገቢ መሣሪያ ካለው፣ ሥራውን በደጁ ሊፈጽም ይችላል። ሸራው ከሶማሌ ተራም ይምጣ ከባሕር ዳር፣ አሮጌውን ናሙና ሳያሳዩ መግዛት ገንዘብንም መንገድንም ማባከን ነው።

መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ በፊት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግ፤ ማርሽ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፣ ታስሮ ሳለ ሸራውን የሚገፋው የኋላው ፒስተን ለአዲሱ ሸራ ስፍራ እንዲለቅ ወደ ቤቱ አይመለስምና። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር እጅን ማግባት ነፍስን መፈታተን ነው፤ የተከመረ ድንጋይም ሊሰነጠቅ ወይም ሊንሸራተት ስለሚችል፣ በብረት ማቆሚያ ላይ ሳያሳርፉ ጎማ መፍታት አይገባም። ሸራውንና ፒስተኑን የያዘው ካሊፐር ከተፈታ በኋላ በሽቦ ይታሰር እንጂ በዘይት ቱቦው አይንጠልጠል።

የኋላውን ፍሬን ከፊተኛው የሚለየው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ይገለጣል። የፊቱ ፒስተን በቀጥታ ተገፍቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የእጅ ፍሬን በካሊፐሩ ውስጥ የተሠራለት የኋላ ፒስተን ግን ውስጡ እንደ ቡሎን ጥርስ ያለው ስለሆነ፣ እየተጫኑ ማዞር እንጂ መግፋት ብቻ አይመልሰውም። ይህን ያላወቀ ሰው በኃይል ሲጫነው ውስጡን ይሰብረዋል፣ በጥቂት ብር ሊታደስ የሚችለውንም ፍሬን ሙሉ ካሊፐር ወደ መግዛት ያደርሰዋል። አብዛኛው ወደ ቀኝ ይዞራል፤ በአንዳንድ መኪና ግን አንዱ ጎን ተቃራኒ ነው። ፒስተኑ ገብቶ ሲያበቃ በፊቱ ላይ ያለው ጎድጓዳ ምልክት ከሸራው ጀርባ ካለው ጉጥ ጋር መገጣጠም አለበት። እንደ ፕራዶ ባሉት መኪኖች፣ የእጅ ፍሬኑ በዲስኩ ውስጥ በተሰወረ ትንሽ ታምቡር ስለሚሠራ፣ ፒስተኑ እንደ ፊተኛው ተገፍቶ ይመለሳል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ እየበዙ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ሌላ ሥርዓት አላቸው። የእጅ ፍሬናቸው በትንሽ ሞተር ስለሚታሰር፣ መኪናው አስቀድሞ ወደ ጥገና ሁኔታ ካልገባ በስተቀር ፒስተኑን ማስገደድ ሞተሩን ያበላሻል፤ ወደዚያ ሁኔታ የሚገባበት መንገድ በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ይፈለግ።

ፒስተኑ ሲመለስ ዘይቱ በማጠራቀሚያው ከፍ ስለሚል ክዳኑ ተከፍቶ ይጠበቅ፤ የፈሰሰ ዘይት ቀለምን ይልጣል። የሸራውን ብናኝ በአፍ ወይም በአየር ግፊት መንፋት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ለሳንባ ካንሰር ምክንያት የሚሆነው አስቤስቶስ በአሮጌ ሸራ ውስጥ ሊኖር ይችላልና በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ቅባትም በሚንሸራተቱት የካሊፐሩ ዘንጎች ላይ ይደረግ እንጂ የሸራውንና የዲስኩን ፊት አይንካ።

ጎማው ተመልሶ ከታሰረ በኋላ፣ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጥ፤ ይህን የዘነጋ ሰው በመጀመሪያው ማቆሚያ ፍሬን አያገኝም። ቀጥሎም ሰው በማይበዛበት ጎዳና ላይ ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቀስ በቀስ እየገቱ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ማላመድ ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ፣ ወይም መኪናው ወደ አንድ ወገን ከሳበ፣ ባለቤቱ ወደ መካኒክ ይሂድ፤ እስኪታይለትም ድረስ በዚያ መኪና ከደጀን ቁልቁል አይውረድ።