ግሬሊንና ቀዳሚዎቹ

የእድገት ሆርሞን አንጎል ሥር ባለችው በፒቱታሪ ዕጢ እንደሚመረት ብዙ ሰው ያውቃል። ዕጢዋን ቀስቅሰው ሆርሞኑን የሚያስለቅቁት ፔፕታይዶች (አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች) ግን ስማቸው የሚነሣው በአብዛኛው በጂም ወሬ ነው፤ ያሳዝነኛል።

አንደኛው ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ይወርዳል። 44 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ተለይቶ የታወቀው ቆሽት ላይ ከበቀለ እባጭ ነው። ሥራውን ለመሥራት የመጀመሪያዎቹ 29 ይበቃሉ፤ ሰርሞረሊን የተባለው መድኃኒት እነርሱው ናቸው።

እኔን የሚማርከኝ ሁለተኛው ነው፤ ሰው ሠራሹ ከተፈጥሮው ቀድሞ ታውቋልና። በኒው ኦርሊንሱ ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ሲሪል ባወርስ፣ ሕመም ከሚያስታግሱት ኤንኬፋሊኖች ተነሥቶ ትናንሽ ፔፕታይዶችን ይቀምም ነበር። ከነዚያ መካከል ጂኤችአርፒ-6 ስድስት አሚኖ አሲድ ብቻ ይዞ የእድገት ሆርሞንን አጥብቆ ያስለቅቃል፤ በየት በኩል እንደሆነ ግን አይታወቅም ነበር። በ1996 የመድኃኒት ኩባንያው የመርክ ተመራማሪዎች የሚያርፍበትን ተቀባይ አገኙ። ተቀባይ ካለ ሰውነት ራሱ የሚልክለት መልእክተኛ መኖር አለበት። በ1999 ጃፓናውያኑ ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ መልእክተኛውን ከአይጥ ጨጓራ አወጡት፤ ከጨጓራ! ይህ ነው ግሬሊን። ከ28ቱ አሚኖ አሲዶቹ ሦስተኛው ላይ ስምንት ካርቦን ያለው የስብ አሲድ ተጣብቋል፤ እርሱ ከተነሣ ተቀባዩ አይነቃም። ግሬሊን ሲርበን ከፍ ይላል፣ ስንበላ ይወርዳል። ጂኤችአርፒ-6 የሚያስርበውም በዚሁ በር ስለሚገባ ነው።

አንድ ጂም የሚሠራ ወጣት ስለ እነዚህ ፔፕታይዶች አንሥቶ፣ “ቁመት ይጨምራል ወይ?” ብሎኝ ያውቃል። የአጥንት ማደጊያው ከተዘጋ በኋላ አይጨምርም፤ የእድገት ሆርሞን ለረጅም ጊዜ ሲበዛ የሚሰፋው እጅ፣ እግርና መንጋጋ ነው። “ለምርምር ብቻ” የሚል ብልቃጥ ከኢንተርኔት ገዝታችሁ የምትወጉ ልጆች፣ እባካችሁ ጽሑፉን አንብቡት። ውስጡ ያለው የተጻፈው ስለመሆኑ ማን አረጋገጠላችሁ? ለስፖርተኛ ደግሞ ፔፕታይዶቹ በውድድር ጊዜም ሆነ ከውድድር ውጭ የተከለከሉ ናቸው።

ተገቢ ቦታቸው ሕክምና ነው። የአንደኛውን ፔፕታይድ ሥራ የሚሠራው ቴሳሞረሊን በ2010 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ሆድ ውስጥ የሚከማቸውን ስብ ለመቀነስ ነው። የግሬሊንን ሥራ የሚሠራው ማሲሞረሊን ደግሞ በ2017 ለምርመራ ተፈቀደ፦ ታካሚው በባዶ ሆዱ ይጠጣዋል፤ ከዚያ በ30፣ በ45፣ በ60 እና በ90 ደቂቃ ደም ይቀዳል። ሆርሞኑ በአራቱም ዝቅ ብሎ ከተገኘ ችግሩ እጥረት ነው።